የአንገት ሹራብ፣ ኮፍያ ወይስ ጓንት? ለጎንደር ብርድ ቶሎ የሚያልቀውን መምረጥ

ጎንደር ላይ ብርዱ ሰዓት አለው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይወርዳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በባጃጅ የሚመጣ ሰው ጆሮውና ጣቱ ደንዝዞ ይደርሳል፤ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ያው ሰው ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ጥላ ጥላውን ይሄዳል። ስለዚህ ለብርድ የሚሆን ነገር በእጃችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ ከፋሽኑም ከቀለሙም በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ፀሐይ ስትወጣ የት ይገባል? ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ትለብሱታላችሁ። የማይገባ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ተሸክማችሁት ትዞሩና ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

እዚህ የማወዳድራቸው ትንንሽ ሥራዎች ናቸው፤ መርፌ የለመደ እጅ በአንድ ወይም በጥቂት ምሽት ይጨርሳቸዋል። የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራና ጎንደር ውስጥ የሚለብሰው ሰው ጫፍና ጫፉ የተሰፋ አጭር የአንገት ሹራብ፣ በመካከለኛ ውፍረት ክር፣ በአመድማ ቀለም ቢሠራ ይጠቀምበታል። የእናንተ ኑሮ ከዚህ የተለየ ከሆነ ግን ምርጫውም ይለያል።

ለአንገት፦ ረጅም ሻርፕ ወይስ አጭሩ ዙሪያ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሻርፕ ነው። ሥራው ቀላል ነው፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 160 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሻርፕ በዚሁ በመካከለኛ ውፍረት ክር ሲሠራ ከ270 እስከ 320 ግራም ይበላል። ያንኑ ስፋት ይዛችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ብታቆሙና ሁለቱን ጫፍ ብትሰፉት ከ100 እስከ 120 ግራም ይበቃችኋል። ክሩ ከግማሽ በታች፣ ጊዜውም እንዲሁ። ሙቀቱ ግን ብዙም አይቀንስም፤ ሻርፕ ሲጠመጠም አንገትን የሚይዘው የመጀመሪያው ዙር ነው፣ የቀረው ደረት ላይ ይንጠለጠላል።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። ቁጥር 6 መርፌ፣ ማለትም ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያዙ። ክሩ በዚህ መርፌ ሲሠራ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 14 ቀለበት፣ ማለትም መርፌው ላይ የሚደረደረው የክር ዙር፣ ገደማ የሚወጣው ይሁን። 28 ቀለበት ጀምሩና ሁሉንም ረድፍ በቀጥታው አሠራር ሂዱ፤ ግልብጡን፣ ማለትም ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራውን፣ ገና ያልተማረ ሰውም ይችለዋል። 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ዝጉና ጫፍና ጫፉን በዚያው ክር ስፉት። ከመዝጋታችሁ በፊት ራሳችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ለኩ። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ትጨምር፤ አለዚያ ሲገባና ሲወልቅ ጸጉሯን ይጎትትባታል።

ባጃጅ ለሚነዳ፣ ሞተር ላይ ለሚቀመጥና ለሚሯሯጥ ልጅ ከሻርፕ ይልቅ ይኸኛው ይሻላል። የተንጠለጠለ ጫፍ ስለሌለው ጎማም በርም አይዘውም። ለጨቅላ ግን ሻርፕም ዙሪያም አትሥሩለት፤ አንገቱ ላይ የሚጠብቅ ነገር አደጋ ነው፣ ስትይዙት ኮፍያና ካልሲ ይበቃዋል።

ሻርፕ የሚያሸንፍበት ቦታም አለ። የከተራ ማታ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ የሚያድር ሰው ረጅሙን ቢይዝ ነው የሚሻለው። የጥር 10 ሌሊት ሜዳ ላይ ሲነጋ አንዴ ትከሻ ላይ፣ አንዴ ጉልበት ላይ የሚጣል ነገር ያስፈልጋል፤ ነጠላ ስር ደረት ላይ አጣፍቶ መልበስም ይቻላል። ጋቢ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ሻርፕ አያስፈልገውም፣ ጋቢው ያንን ሥራ ይሠራል። ለእንዲህ ያለው ሰው ክራችሁን እጁ ላይ አውሉት።

ለራስ፦ ኮፍያ ወይስ የጆሮ መሸፈኛ?

እዚህ ላይ የሚወስነው ጸጉር ነው። ሹሩባ የተሠራች፣ ጸጉሯን ወደ ላይ የምትሰበስብ ወይም አፍሮ ያላት ሴት ኮፍያ ብትሠሩላት አታደርገውም፤ ወይ ይጨፈልቅባታል ወይ ወደ ላይ ይሸሽባታል። ለእሷ ግንባሯንና ጆሮዋን ዞሮ የሚይዝ መሸፈኛ ሥሩላት። በዚያው ቁጥር 6 መርፌ 14 ቀለበት ጀምራችሁ 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሠራችሁ በኋላ ጫፉን መስፋት ነው። ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ከ40 እስከ 50 ግራም ይበላል። የአዋቂ ራስ ዙሪያው ብዙ ጊዜ 55 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሹራብ ስለሚሳብ አጠር ብሎ መሠራቱ ነው ጆሮ ላይ እንዲቆም የሚያደርገው። ነጠላ ከላይ ሲከናነቡበትም ጉብ አይልም። ከሁሉም ቶሎ የሚያልቀው ይኸው ነው፣ ከሥራ መልስ ተጀምሮ ከእራት በኋላ ሊያልቅ ይችላል።

ጸጉሩን ለሚቆረጥ ወንድ፣ ለአዛውንትና ለልጅ ኮፍያው ይሻላል። ብዙዎች ኮፍያን የሚፈሩት አናቱ ላይ ቀለበት እየቀነሱ መሄድ ስላለበት ነው። መቀነስ የማይጠይቅ መንገድ አለ፦ 32 ቀለበት ጀምሩ፣ በቀጥታው አሠራር 50 ሳንቲ ሜትር ሂዱና ጫፍና ጫፉን ስፉት። አሁን ሁለት በኩል ክፍት የሆነ ቱቦ ይዛችኋል። በአንዱ አፍ ዙሪያውን ክር በመርፌ አስገቡና ጎትታችሁ አጥብቁት፣ ሁለቴ ቋጥሩት። ወደ 100 ግራም ይበላል። ወፍራም ክር ሲጠብ አናቱ ላይ ትንሽ ጉብታ ይተዋል፤ ያ ካላማራችሁ ክሩን ሳሳ አድርጉ ወይም በዚያው ክር ትንሽ ዘለላ ሠርታችሁ ደብቁት። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ኮፍያ መውለቁ አይቀርምና ለአባቶች ስትሠሩ ታጥፎ ኮት ኪስ የሚገባ ይሁን።

ለእጅ፦ ጣቶቹ ክፍት የሆነ ጓንት

አምስት ጣት ያለው ጓንት ቶሎ ከሚያልቁት ውስጥ አይቆጠርም። እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ትንሽ ቱቦ ስለሆነ አንዱን እጅ ስትጨርሱ ሁለተኛውን ለመጀመር ወኔ ይጠይቃል። የአውራ ጣት ቀዳዳ ብቻ ያለውና ጣቶቹን ክፍት የሚተወው ግን ሁለት አራት ማዕዘን ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ብር ለሚቆጥር ረዳት፣ ጠመኔ ለሚይዝ መምህር፣ ማልዳ ቅዳሜ ገበያ ዕቃዋን ለምትዘረጋ ሴት፣ ስልክ ለሚነካካ ተማሪ ከሙሉው ጓንት ይልቅ ይህ ይጠቅማል፤ ሥራ በመጣ ቁጥር አይወልቅምና።

ለዚህ ሳሳ ያለ ክርና ቁጥር 4 መርፌ ውሰዱ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 22 ቀለበት ገደማ የሚሰጠውን። 40 ቀለበት ጀምሩና ሁለት ቀጥ፣ ሁለት ግልብጥ እያላችሁ 16 ሳንቲ ሜትር ሥሩ። እንዲህ ሲሠራ እንደ ላስቲክ እየተሳበ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሁለት አጥፋችሁ ጎኑን ስትሰፉ ከታች 7 ሳንቲ ሜትር ስፉ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ለአውራ ጣት ክፍት ተዉ፣ የላይኛውን 4 ሳንቲ ሜትር ስፉ። ለሁለቱም እጅ 50 ግራም ይበቃል። የክፍቱ ጫፍ ቶሎ የሚቀደድ ቦታ ነው፤ ላይና ታቹን ሁለት ሦስቴ ደጋግማችሁ በክር እሰሩት።

ስለ ካልሲ ባጭሩ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ወልቆ ስለሚገባ ማኅሌት ለሚቆም ሰው ከእጅ ሥራ ካልሲ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ሆኖም በአራት ወይም በአምስት አጫጭር መርፌ ዙሪያውን መሥራትና ተረከዝ ማዞር ይጠይቃል፤ ክሩም ተራ የሱፍ ክር ከሆነ ተረከዙ ቶሎ ይበሳል፣ 75 በመቶ ሱፍ 25 በመቶ ናይለን የሆነው ነው የሚበረክተው። ሁለት ሦስት ሌላ ነገር ከጨረሳችሁ በኋላ ግቡበት።

ክሩን መምረጥ

ከዕቃው ይልቅ ክሩ ላይ የምንወስነው ነው ውጤቱን የሚያበላሸው ወይም የሚያሳምረው።

ከውፍረት እንጀምር። በቁጥር 10 መርፌ የሚሠራው በጣም ወፍራም ክር ዓይን ይስባል፤ አንድ ምሽት ላይ ሻርፕ ያወጣል። ለጎንደር ግን አልመክረውም። ታጥፎ ኪስ አይገባም፣ ረፋድ ላይ ያልባል፣ ከራሱ ክብደት የተነሳም ከጊዜ ጋር ይረዝማል። ደባርቅ ለሚኖር ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው ነገሩ ይለወጣል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዛችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ከፍታው 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ካምፕ የሚያድር ሰው ከዜሮ በታች የሆነ ሌሊት ሊገጥመው ይችላል። ለእሱ ወፍራሙን ኮፍያ፣ ጆሮው ላይ ታጥፎ ሁለት ድርብ እንዲሆን ቁመቱን 10 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ሥሩለት።

ከዚያ ክሩ ከምን እንደተሠራ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ይቀላል፣ ቢታጠብ አይጨማተርም፣ ቶሎ ይደርቃል። ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ ለቀናት ሳይደርቅ ሲቀር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሱፍ በበኩሉ ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ርጥብ ሆኖ አይሰማም፤ ጉም በሚወርድበት የሐምሌ ጠዋት አንገት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ጥጥ ላባቸው ለሚወጣና ሱፍ ለሚያሳክካቸው ይሆናል፣ ነገር ግን አይሳብም፣ ውሃ ሲጠጣም ይከብዳል፤ ለጆሮ መሸፈኛና ለጓንት አይመችም።

ስለ አክሪሊክ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ እሳት። አክሪሊክ ሲቃጠል ይቀልጣል፣ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ በቀላሉ አይያያዝም፣ ቢነካውም ይከስላልና አይንጠባጠብም። እኛ ደግሞ ቡና የምናፈላው ከሰል ምድጃ ላይ ጎንበስ ብለን ነው፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሰው በሰው ተጣብቆ ጧፍ ይዞ ይቆማል። ጫፉ የሚንጠለጠል የአክሪሊክ ሻርፕ ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች አይሆንም። እናታችሁ ረከቦት ፊት የምትቀመጥበትን፣ ልጃችሁ ምድጃ አጠገብ የሚሞቅበትን ነገር በሱፍ ወይም ቢያንስ አጭርና ልጥፍ ያለ አድርጋችሁ ሥሩት።

ሻጩ ሁሉንም «ሱፍ ነው» ሊላችሁ ይችላል፤ ወረቀቱ የወደቀ ክርም ብዙ ነው። ማረጋገጫው ይኸው፦ የጣት ርዝመት ያህል ክር ቁረጡ፣ በመቆንጠጫ ያዙ፣ የብረት ሳህን ላይ ክብሪት ለኩሱበት። ሱፍ ከሆነ ጸጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የቀረውም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። አክሪሊክ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይቀልጥና ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ የጠነከረ ጥቁር ነገር ይተዋል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ቅልቅል ከሆነ ሽታው የጸጉር ሆኖ ጫፉ ላይ ግን ዶቃው ይታያል። ሙሉ ሱፍ ውድ ሆኖ ካገኛችሁት ይህ ቅልቅል ለአንገትና ለራስ ጥሩ መካከለኛ ነው፤ ከእሳት ግን እንደ አክሪሊክ ጠብቁት።

የአገራችን የበግ ጠጉርስ? የደጋው በግ ጠጉር ሻካራ ነው፤ ባናና ምንጣፍ የሚሆነውም ጥንካሬው ስላለው ነው። ነጩ፣ ቡኒውና ጥቁሩ ሳይቀለም እንዳለ ስለሚያምር ልብ ይሰርቃል፣ አንገት ላይ ግን ያሳክካል። የሚያሳክከን የቃጫው ውፍረት ነው፦ ወደ 30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ሲጠጋ ቆዳን ይወጋል፣ ሜሪኖ የሚባለው ለስላሳ ሱፍ ከ24 ማይክሮን በታች ነው። በእንዝርት የተፈተለ የአገር ጠጉር ካገኛችሁ ለቤት ካልሲ አውሉት፤ ኮፍያ ካደረጋችሁትም ግንባሩ በኩል ውስጡን በስስ ጥጥ ጨርቅ ገብሩት።

ሌላው ጥሩ ምንጭ ሰልባጅ ተራ ነው። መቶ በመቶ ሱፍ የሚል ምልክት ያለው ትልቅ የወንድ ሹራብ ካገኛችሁ ሁለት ሦስት ዕቃ የሚያወጣ ለስላሳ ክር በእጃችሁ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡትና የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ ተቆርጦ በማሽን የተጠላለፈ ከሆነ ተዉት፤ ስትተረትሩት በየረድፉ እየተበጠሰ ያልቃል። ጠርዙ ሳይቆረጥ ሁለት ሙሉ ጫፍ በክር ብቻ የተያያዘ ከሆነ ስፌቱን ፈታችሁ ከላይ ጀምራችሁ መተርተር ትችላላችሁ። ታጥቦ የተጨማተረና ክሩ እርስ በርሱ የተያያዘ ሹራብም አይተረተርም። የተተረተረውን ክር ወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥሙ፣ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ለብ ባለ ውሃ ነክሩና ሰቅላችሁ አድርቁት፤ መጠምዘዙ ይፈታል።

ለስላሳዎቹ ቀለሞች

ክሬም፣ አመድማ፣ ማኪያቶ የሚመስለው ቡኒ፣ ጥቁር ቡኒ፤ ሁሉም ከሁሉም ልብስ ጋር ይሄዳሉ ይባላል። አንዱ ግን ከነጠላ ጋር አይስማማም። ክሬም ለብቻው ሲታይ ያምራል፣ ከታጠበ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ አጠገብ ሲሆን ግን ያደፈ ነጭ ይመስላል። ሐበሻ ልብስ ላይ የምትደርቡት ከሆነ ወይ ፍጹም ነጭ ወይ በግልጽ አመድማ ይሁን። ክሬሙ ከጂንስ፣ ከጥቁር ኮትና ከቆዳ ጃኬት ጋር ቦታውን ያገኛል።

በበጋው አቧራ ነጭና ክሬም ጓንት በሳምንቱ ይታጠባል፤ ለእጅ አመድማ ወይም ቡኒ ምረጡ፣ ነጣ ያለውን ለራስ አቆዩት። ጀማሪ ከሆናችሁ ጥቁርና ጥቁር ቡኒ አትጀምሩ። ማታ በአምፖል ብርሃን፣ መብራት ሲጠፋማ ጭራሽ፣ ቀለበቶቹ አይለዩም፤ ነጣ ባለ ክር ግን የተሳሳተው ቀለበት ወዲያው ይታያል።

አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር ሁለት ጊዜ ስትገዙ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ አብሮ የተቀለመበትን ዙር የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ሁሉም ጥቅል ላይ አንድ መሆኑን አይታችሁ የሚያስፈልጋችሁን በአንዴ ግዙ። ካልበቃችሁ ደግሞ ሁለት ቀጭን ክር፣ ለምሳሌ ክሬምና ቡኒ፣ አንድ ላይ ይዛችሁ ሥሩ። ሁለት የቁጥር 4 ክር ተደርቦ ወደ ቁጥር 6 ይጠጋል፣ የተቀላቀለውም ቀለም የዙሩን ልዩነት ይደብቃል።

በመርፌ ወይስ በኪሮሽ?

ዳንቴል እየሠራ ያደገ እጅ ኪሮሹን ይያዝ፤ የለመደው መሣሪያ ቶሎ ያስጨርሰዋል። ኪሮሽ ላይ ያለው አንድ ቀለበት ብቻ ስለሆነ ቢያመልጥም ሥራው አይተረተርም፣ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ውስጥም ይሠራል። በሌላ በኩል ለተመሳሳይ መጠን የበለጠ ክር ይበላል፣ ጨርቁም ጠጠር ይላል። ለአንገት ዙሪያና ለኮፍያ ከለመዳችሁት አንድ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ኪሮሽ ውሰዱ፣ ይላላል። ለጓንት ግን መርፌው ይሻላል፣ ሁለት ቀጥ ሁለት ግልብጡ የሚሰጠውን መሳብ ኪሮሽ አይሰጥም።

ከተሠራ በኋላ

ሱፉን በሙቅ ውሃ አትጠቡ፣ አትሹትም። የሱፍ ቃጫ ላዩ ቅርፊት አለው፤ ሙቀትና መታሸት ሲገናኙት እርስ በርሱ ይያያዝና ይጠባል፣ ተመልሶም አይለቅም። በዱቄት ሳሙና ፈንታ ጥቂት የጸጉር ሻምፖ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ውስጥ በጥብጡ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ነክራችሁ ሳታሹ በሌላ ውሃ አለቅልቁት። አትጠምዝዙት፤ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ከዚያ በቅርጹ አስተካክላችሁ ጥላ ቦታ ደረቅ ፎጣ ላይ አጋድሙት፤ ገመድ ላይ ከተሰቀለ በውሃው ክብደት ይረዝማል። አክሪሊኩ ከሌላ ልብስ ጋር ይታጠባል፣ ካውያ ግን አይነካውም፤ ትኩስ ካውያ ያረፈበት ቦታ ጠፍጥፎ ይቀራል።

ከእነዚህ ሥራዎች ከ30 እስከ 50 ግራም ክር ይተርፋችኋል። ወደ 50 ከተጠጋ ለአንድ ጆሮ መሸፈኛ፣ ካነሰ ለአራስ ልጅ ኮፍያ ይሆናል፤ ለአራሱ ከሆነ ለስላሳውን ሱፍ ወይም ጥጡን ለዩለት፣ በኮፍያውም አታስተኙት፣ ስትይዙት ብቻ ይሁን።